ያላዩትን አገር የናፈቁ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይና የጃፓን ጉዞ

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ከዐድዋ ድል በኋላ በነበሩት ሠላሳና አርባ ዓመታት ግን ጥቂት የተማሩ ኢትዮጵያውያን እግራቸው ያልረገጠውን፣ ቋንቋውን የማያውቁትን፣ ለመድረስ የሳምንታት የመርከብ ጉዞ የሚጠይቀውን አንድ አገር ሲናፍቁ ኖረዋል። ያ አገር ጃፓን ነው። ስለ ጃፓን ሲጽፉ የሚያስቡት ስለ ኢትዮጵያ ነበር፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነበር። የፈረንጅን ጥበብ ወስዶ ፈረንጅ ሳይሆኑ፣ በፈረንጅም ሳይገዙ መኖር ይቻላል ወይ?

ይህን ጥያቄ በልባቸው ይዘው እስከ ቶኪዮ የዘለቁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የሄዱት በ1924 ዓ.ም. ነው። ያዩትንም በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አወጡት። ማኅደረ ብርሃን የብርሃን ማደሪያ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቅ ይህን የመሰለ ስም ክርስቲያን ላልሆነ ሕዝብ አገር ሲሰጡ፣ ምን ያህል ተደንቀው እንደ ተመለሱ ገጹን ሳይገልጡ ከርእሱ ብቻ ይታወቃል።

ናፍቆቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ የኖረች አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1853 ፔሪ የሚባል የአሜሪካ የጦር አዛዥ አራት የጦር መርከቦች ይዞ ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ደጃፍ ቆመና «በራችሁን ክፈቱ» አለ። ጃፓን የሚመልስ መድፍ አልነበራትም፤ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1858 ከአሜሪካና ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተፈራረመቻቸው ውሎች የእርሷን ዳኝነትና የእርሷን ቀረጥ በባዕድ እጅ የጣሉ ነበሩ። ይህ ውርደት አገሪቱን አናወጣት። እ.ኤ.አ. በ1868 የጦር አለቆቹ የሾጉኖች አገዛዝ ወደቀና ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ በሜይጂ ስም ወደ አዲስ ሰዎች ገባ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የጃፓን መርከቦች የሩሲያን የባሕር ኃይል በጹሺማ አሰጠሙት።

ይህ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ የተለየ ትርጕም ነበረው። ሩሲያ በዐድዋ ማግስት የቀይ መስቀል ሐኪሞቿን የላከች የኢትዮጵያ ወዳጅ ናት፤ ለወዳጅ ሽንፈት የሚያዝን ሰው ባይጠፋም፣ የነገሩ ፍሬ ሌላ ነበር። በዘመኑ የአውሮፓን ጦር በጦር ሜዳ ድል ያደረጉ፣ ነጻነታቸውንም ያስከበሩ የነጭ ዘር ያልሆኑ ሕዝቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. አድርጋዋለች፤ አሁን ደግሞ ጃፓን ደገመችው። ልዩነቱ ግን የተማሩትን ሰዎች እንቅልፍ ነሣቸው። ኢትዮጵያ ያሸነፈችው ከውጭ በገዛችው ጠመንጃ ነው፤ ጃፓን ግን መርከቡንም መድፉንም ራሷ መሥራት ጀምራለች።

ይህን ልዩነት በግልጽ ከጻፉት አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በጀርመን አገር የተማሩት እኚህ ሰው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው፣ ኢትዮጵያ ከእንቅልፏ ካልነቃች ነጻነቷ እንደማይዘልቅ አስጠንቅቀው ጃፓንን ለምሳሌ ጠቀሱ። ጽሑፉ በ1904 ዓ.ም. አካባቢ አሥመራ ታተመ። ገብረ ሕይወት ጃፓንን አላዩም። የሚያውቋት በአውሮፓ ካነበቡት ነው። ቢሆንም ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ብዙዎቹ ወጣት ጸሐፊዎች፣ በተለይ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ በ«ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ላይ የጻፉት፣ የጃፓንን ስም ደጋግመው አነሡት። የታሪክ ጸሐፊዎች በኋላ ዘመን እነዚህን ሰዎች «ጃፓናይዘርስ»፣ ማለትም ጃፓንን አርአያ ያደረጉ፣ ብለው ጠርተዋቸዋል።

ኅሩይ ከእነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ይለያሉ። ወጣት አልነበሩም፤ በውጭ አገር ትምህርት ቤትም አላደጉም። በ1870 ዓ.ም. በሸዋ መርሐ ቤቴ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገፍተው፣ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው የወጡ የብዕር ሰው ናቸው። ዓለምን ያዩት ከዚያ በኋላ፣ በመንግሥት መልእክት ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ለንደን ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው ልዑክ ጋር ተጉዘዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄደው የጉዞውን ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው ጽፈዋል። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን መርተዋል፤ «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። ስለ ባዕድ አገር ሲጽፉ የሚያመዛዝኑት ከተማን ከከተማ፣ ፍርድ ቤትን ከፍርድ ቤት ጋር ነው።

የፍርድ ቤቱን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የጃፓን ናፍቆት ሥሩ ያለው እዚያ ነውና።

በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር በተዋዋለችው፣ በተዋዋዩ በክሎቡኮቭስኪ ስም በሚጠራው ውል መሠረት፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ቢካሰሱ የሚዳኙት በራሳቸው ቆንሲል ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ቢጣሉ ደግሞ ከኢትዮጵያ ዳኛ ጎን የቆንሲሉ ሰው ይቀመጣል። ሌሎቹም መንግሥታት የዚሁ መብት ተካፋይ ነን አሉ። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ልዩ ፍርድ ቤት የሚባል ችሎት ተቋቋመ። ኅሩይ የዚህ ችሎት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ገንዘቡን የበላበትን የውጭ ዜጋ ይከስሳል። ዳኛው በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ንጉሠ ነገሥታቸው ስም ተቀምጠዋል። ፍርዱ ግን ከጎናቸው ከተቀመጠው ባዕድ ጋር ካልተስማሙ በቀር አይቋጭም። በዐድዋ ያልተሸነፈች አገር በችሎት ወንበር ላይ ሙሉ አልነበረችም። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ዳኛ ሌላ ማን አለ?

ጃፓን በዚሁ በሽታ ታማ ድናለች። እ.ኤ.አ. በ1858 የጣሉባትን የባዕድ ዳኝነት እ.ኤ.አ. በ1899 አነሣች፤ ቀረጧን እንደ ልቧ የመወሰን መብቷን እ.ኤ.አ. በ1911 አስመለሰች። ይህን ያገኘችው በጦርነት አይደለም። ሕጓን አሻሽላ፣ ዳኞቿን አሠልጥና፣ «ዳኝነታችሁን አናምንም» ለሚሉት ሰበብ በማሳጣት ነው። ከአዲስ አበባው ችሎት ወጥቶ ቶኪዮን ለሚያይ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

የጉዞው ምክንያት ግን ሥርዓተ መንግሥት ነበር። ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነት ውል የተፈራረሙት በ1919 ዓ.ም. ነው፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተጨመረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ጃፓን በቱርክ ያለውን አምባሳደሯን ዮሺዳ ኢሳቡሮን ልካ ነበር። የምስጋናውን መልስ ይዘው እንዲሄዱ የታዘዙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ ናቸው። ልጅ አርአያ አበበ፣ አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምና አቶ ዳባ ብሩ አብረዋቸው ተጓዙ።

ከመሄዳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አውጃለች። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው አርአያ እ.ኤ.አ. የ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ 76 አንቀጾች አሉት፤ የኢትዮጵያው 55። እንግዲህ ኅሩይ የሄዱት ሕጓን አዲስ አበባ ላይ ቀድመው የተቀበሉላትን አገር ለማየት ነው።

የባሕሩ መንገድ ራሱ ትምህርት ነበር። ባቡሩ ጂቡቲ ሲያደርስ ባንዲራው የፈረንሳይ ነው። በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ የሚቆምባቸው ወደቦች ኮሎምቦ፣ ሲንጋፖር፣ ሳይጎን፣ ሆንግ ኮንግ ናቸው። ከሳይጎን በቀር ሁሉም የእንግሊዝ ናቸው፤ ሳይጎን የፈረንሳይ። በየወደቡ ዕቃ የሚሸከመው፣ መንገድ የሚጠርገው የአገሩ ሰው ነው፤ የሚያዝዘው ባዕድ ነው። ወደብ ከወደብ እየቆጠረ ሲሄድ የቆየ ኢትዮጵያዊ በመጨረሻ ጃፓን ሲደርስ ወደቡን የሚያዝዘው፣ ባቡሩን የሚነዳው፣ ፋብሪካውን የሚመራው፣ ወታደሩን የሚያሰልፈው የአገሩ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ ሁሉ ወደብ በኋላ ያን ያየ ሰው አገሩን «የብርሃን ማደሪያ» ቢለው ማን አጋነነ ይለዋል?

ጃፓን እንግዶቿን በታላቅ ክብር ተቀበለች። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ፋብሪካዎችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ የጦር ሠራዊቱን ሥራ አዩ። በመጽሐፋቸው ከሚያነሷቸው ነገሮች ዋናው የሁለቱ አገሮች መመሳሰል ነው። አንዱ የዘር ሐረጉን ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ሌላው ከንጉሠ ነገሥት ጂሙ የሚቆጥር ሁለት ጥንታዊ ዙፋኖች ሳይተዋወቁ በዓለም ሁለት ጫፍ ኖረዋል። መጽሐፉ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1934 ቶኪዮ ላይ ታተመ። አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በአማርኛ የጻፈው የጉዞ ታሪክ በተጓዘበት አገር ቋንቋ መነበቡ በዘመኑ ብርቅ ነገር ነው።

ኅሩይን ያስደነቀው የጃፓን አገር ወዳድነት እንዴት እንደ ተሠራ ለማየት አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል።

ፎቶግራፉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። አምስት የጃፓን ሹማምንት ይታዩበታል። አራቱ የአውሮፓ ሱፍ ለብሰዋል። ከመካከል የተቀመጠው መሪያቸው ኢዋኩራ ቶሞሚ ግን ኪሞኖ እንደ ለበሰ፣ ጠጕሩንም በአገሩ ወግ እንደ ቋጠረ ነው። ወደ እግሩ ዝቅ ሲሉ የምዕራብ ጫማ ተጫምቷል፤ ጎኑ ደግሞ ረጅም የአውሮፓ ባርኔጣ አለ። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1871 መጨረሻ ከአገራቸው ወጥተው አሜሪካንና አውሮፓን ሁለት ዓመት ገደማ ዞረዋል። የመንግሥቱ ትልልቅ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ፓርላማ፣ እስር ቤት ሲጎበኙ፣ ሲጽፉና ሲጠይቁ ከረሙ። ኢዋኩራ ቺካጎ ሲደርስ ጠጕሩን ተቆረጠ። ከጎኑ ከቆሙት አንዱ ኢቶ ሂሮቡሚ በኋላ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው፣ ማለትም ለተክለ ሐዋርያት ረቂቅ አርአያ የሆነውን ሰነድ ያዘጋጀው ሰው ነው። ተማሪዎችም አብረው ተጉዘዋል፤ ከነርሱ መካከል አምስት ልጃገረዶች ነበሩ። ታናሺቱ ጹዳ ኡሜኮ ስትሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሜሪካ አድጋ ተመለሰችና እ.ኤ.አ. በ1900 ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፈተች።

ጃፓን የውጭ ባለሙያዎችን በሺህ ቀጥራለች። አንዳንዶቹ ከአገሩ ሚኒስትሮች የበለጠ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። ነገር ግን የተቀጠሩት እንዲያስተምሩ ነው፤ የሚተካቸው ጃፓናዊ ሲደርስ ተመስግነው ወደ አገራቸው ይሸኛሉ። የባቡሩንም፣ የመርከቡንም፣ የሕጉንም ሥራ ያስጀመሩት ባዕዳን ናቸው፤ የያዙት ግን የአገሩ ልጆች ናቸው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1883 ቶኪዮ ላይ ሮኩሜይካን የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ አዳራሽ ተሠራ። የጃፓን ሹማምንትና ሚስቶቻቸው የአውሮፓ ልብስ ለብሰው ከውጭ እንግዶች ጋር ይጨፍሩበት ጀመር። ሐሳቡ «እንደ እናንተ ሠልጥነናል፤ እኩል ቍጠሩን» ለማለት ነበር። ሕዝቡ ግን ተቈጣ፤ ጋዜጦች ወረዱባቸው፤ የባዕድ ዳኝነቱም በጭፈራ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አጋደለ። እ.ኤ.አ. በ1890 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ቃል ሕፃናት ሁሉ ለዙፋኑ ታማኝነትን፣ ለወላጅ መታዘዝን፣ ለአገር ራስን መስጠትን በየትምህርት ቤቱ እንዲማሩ ተደረገ። ሳይንሱ የምዕራብ፣ መንፈሱ የጃፓን ይሁን ተባለ።

ኅሩይ ያዩት ይህን የዳበረ መንፈስ ነው። ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱን ያከብራል፤ ተማሪው ሰንደቅ ዓላማውን ያውቃል፤ ነጋዴውም ወታደሩም «ለአገሬ» ይላል። ልብሱና ምግቡ፣ አምልኮውና የቤቱ ሥርዓት አልጠፋም፤ የቤቱ መብራት ግን ኤሌክትሪክ ነው። ሥልጣኔ የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ሃይማኖት መተው፣ ወግ መጣል መስሎ በሚታይበት በአዲስ አበባ፣ ይህ ምስክርነት ለለውጥ ፈላጊዎች ትልቅ ጋሻ ነበር። ኅሩይም በጋሻው ተጠቅመውበታል። ከጃፓኑ መጽሐፍ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለድ፣ አወቀ የሚባል የተጉለት ወጣት ፈረንሳይ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር ስለ ተዝካርና ስለ ጋብቻ ድግስ ይከራከራል። የጃፓኑ መጽሐፍና ልብ ወለዱ አንድ ጥያቄ በሁለት ወገን የሚጠይቁ ናቸው። አንዱ ጥያቄውን በባሕር ማዶ፣ ሌላው በገዛ ቤት ያነሣዋል።

እንግዳ ግን የሚያየው የተጠረገውን ቤት ነው። ኅሩይ ያላዩአቸው ወይም ያልጻፏቸው ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው ጭካኔ ነው። መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያኑ ጃፓን ከመድረሳቸው ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ የጃፓን ጦር ሙክደን አጠገብ በራሱ ሰዎች የተጠመደ ፈንጂ አፈንድቶ በቻይና አሳበበና ማንቹሪያን መያዝ ጀመረ። ኅሩይ በቶኪዮ በክብር ሲስተናገዱ ያ ወረራ በመካሄድ ላይ ነበር። ከዚያም በፊት ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1895 ታይዋንን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ኮሪያን ጠቅልላ ይዛለች። በትምህርት ቤት የተዘራው የአገር ፍቅር ልክ ሳይበጅለት አድጎ የጎረቤትን አገር መብላት ጀምሮ ነበር። ለኮሪያዊ ገበሬ ጃፓን ማኅደረ ብርሃን አልነበረችም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የዘር እኩልነት በመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ እንዲገባ ጠይቃ ተከልክላለች፤ ጥያቄዋ እውነተኛ ነበር፤ በኮሪያ ግን ያንኑ እኩልነት ነፍጋለች።

ሁለተኛው የኃይሏ ሥር ነው። የጃፓን ጥንካሬ የመጣው ከዙፋኑ ጥንታዊነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 የትምህርት አዋጅ ወጣ፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላ ለትምህርት ከደረሱ ሕፃናት ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አንደኛ ደረጃ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1873 የመሬት ግብር ተሻሻለና ግብሩ በእህል መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ሆነ፤ የመሬቱ ባለቤትም በሰነድ ታወቀ። መንግሥት በየዓመቱ የሚያውቀው ገቢ አገኘ። የመኳንንቱ የግል ጦር ፈርሶ አንድ ብሔራዊ ጦር ቆመ። ገበሬው በግብሩ ክብደት ብዙ ተሠቃይቷል፤ መርከቡና ፋብሪካው ግን በዚያ ገንዘብ ተሠራ። ኢትዮጵያ ከጃፓን የወሰደችው ሕገ መንግሥቱን ነው። የጉልቱ ሥርዓት እንዳለ ቀረ፤ ትምህርት ቤቶቿም በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው ከምኒልክና በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተው ከተፈሪ መኮንን ጋር ጥቂቶች ነበሩ። ጣሪያው መጣ፤ መሠረቱ አልመጣም።

ከጃፓን በብዛት የመጣ ሌላ ነገር ግን አለ፤ አቡጀዲ። በአዲስ አበባ ገበያ ለሸማኔው ጥበብ ዋጋ የማይደርስ ድኻ ቀሚስና ሱሪ የሚያሰፋው ከዚህ ጨርቅ ነበር። ቀድሞ የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያውን ይዞ ኖሯል። ኅሩይ ጃፓንን በጎበኙበት ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ወሰደ። ይህ ለኢጣሊያ ጋዜጦች ሰበብ ሆነላቸው። «ቢጫው አደጋ» አፍሪካ ገባ ብለው ጮኹ። ልጅ አርአያ አበበ ከአንድ የጃፓን መኳንንት ቤተሰብ ልጅ ሊያገቡ ነው የሚል ወሬ ሲሰማም ጩኸቱ ባሰ። ጋብቻው እ.ኤ.አ. በ1934 ቀረ።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ዝግጅት ገሃድ ሲወጣ፣ በጃፓን ብዙ ሰዎች ለኢትዮጵያ አዘኑ፤ ማኅበር አቋቁመው ስብሰባ አድርገው ድጋፋቸውን የገለጹ ነበሩ። መንግሥቱ ግን ሌላ ሒሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 ሮም ያለው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ዮታሮ፣ ጃፓን በኢትዮጵያ ፖለቲካዊ ጥቅም እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገረው። አቶ ዳባ ብሩ እንደገና ቶኪዮ ድረስ ተልከው እርዳታ ቢጠይቁም ተስፋ የተደረገው ጦር መሣሪያ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ዘግታ በቆንስላ በመተካት ለኢጣሊያ ወረራ ዕውቅና ሰጠች። ኢጣሊያም በተራዋ ማንቹሪያ ላይ ጃፓን ላቆመችው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ዕውቅና ሰጠች። አንዱ የሌላውን ዝርፊያ አጸደቀ።

ወረራው በኢትዮጵያውያኑም መካከል ሌላ መልስ ሰጠ። ሰው ባዕድ አገር ስለ ተማረ አገሩን ይከዳል የሚለውም፣ የተማረ ሁሉ አገር ወዳድ ነው የሚለውም ሐሳብ በዚያን ጊዜ ተፈተነ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ለወራሪው አድረው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። እንግሊዝ አገር የተማረው የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ደግሞ በወረራው ዘመን በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። ሁለቱም አውሮፓን አይተዋል፤ የአውሮፓ ቋንቋም ተናግረዋል። የለያቸው የተማሩበት አገር አይደለም።

የጃፓን ናፍቆት በወረራው አልሞተም። ከነጻነት በኋላ ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1946 ዓ.ም. አወጡ። ያን ጊዜ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ነደው፣ እንደገና መነሣት ጀምራ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቶኪዮ ገቡ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ ብሔር እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ ኢትዮጵያውያን ከኅሩይ ዘመን በብዙ እጥፍ ይጓዛሉ፤ ዱባይን፣ ቤጂንግን፣ ዋሽንግተንን አይተው የሚመለሰው ቍጥር ስፍር የለውም። ፎቁንና መንገዱን አይቶ የሚደነቅ ብዙ ነው። ለእነርሱ «ማኅደረ ብርሃን» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ በጠየቀው ጥያቄ ምክንያትም፣ ባልጠየቀው ምክንያትም። ኅሩይ አገር መውደድ በር መዝጋት እንዳልሆነ አይተው መስክረዋል፤ በዚህ ትክክል ነበሩ። ፎቁን ያቆመው ግብር ከማን ላይ እንደ ተሰበሰበ፣ ትምህርቱን ማን እንደ ተማረ፣ ያ ኃይል ነገ በማን ላይ እንደሚዞር መጠየቅ ግን ለተከታዩ ተጓዥ ቀርቷል፤ ያን መጠየቅ የዛሬው መንገደኛ ፈንታ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ስደት ወጡ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ በተባለው የንጉሠ ነገሥቱ የስደት ቤት በ60 ዓመታቸው ዐረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ዐፅማቸው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ነው።